ከላስቲኩ ያልወጣው ቱታ

«ወላሂ በል» አለች ነጂባ።

ባሏ ከማሉዲን ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ሩመይሳ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተኮራምታ አባቷን አየችው። ይህ ሰው እኮ ሻዩ ስኳር አንሶታል ለማለት ወላሂ፣ አውቶቡሱ ዘግይቷል ለማለት ወላሂ የሚል ሰው ነው። ዛሬ ግን ቃሉ አልወጣ አለው።

«ተማሪሽ ነኝ እንዴ የምታስምይኝ?» አለ በመጨረሻ። «ወለሉ ሥር ገብቻለሁ ካልኩ ገብቻለሁ። ሙሀሲን የሚገዛው ቤት ከሥሩ ደረቅ ነው። ሪፖርቱን ሳይን አድርጊና ሰዉ ይረፍ።»

«ላይሰንሱ የኔ ነው።»

«የቤታችን ነው።»

«የኔ ነው፣ ከማሉዲን። ስሜን ማንበብ ካቃተህ እዚያ ተሰቅሏል።»

ተሰቅሏል፤ ያውም ከቴሌቪዥኑ በላይ። ነጂባ የቤት ኢንስፔክተርነት ፈቃዷን በወርቅማ ፍሬም አድርጋ የሰቀለችው ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው ሩመይሳ እስከ ዛሬ አልገባትም። የሚገባት ነገር ቢኖር አባቷ ኳስ ባየ ቁጥር እሱንም እንደሚያይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሲያትል እስከ ታኮማ ቤት ሊገዛ ያሰበ የአገር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለከማሉዲን ነበር። ግንበኛ ነው፤ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ ወለሉን በተረከዙ ይመታል፣ ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ «ግዙት» ወይም «ተዉት» ይላል። በቃ። ቀጥሎ ሕጉ መጣ። ግዛቱ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው የሰው ቤት ፈትሾ እንዳያስከፍል ከለከለ። ክፍል ገብቶ መማር፣ ከባለፈቃድ ጋር ዞሮ መለማመድ፣ ከዚያ ፈተና። ባልና ሚስት አብረው ተመዘገቡ፤ ነጂባ በነርሲንግ ሆም ሥራዋ ላይ ደርባ የተማረችው እሱ ብቻውን መሄድ ስላልወደደ ነበር። እሷ አለፈች። እሱ ወደቀ፣ ደገመ፣ አሁንም ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቢከን ሂል ላይ ያለው ይህ ቤት ሰላም አያውቅም።

«አባቴ ቡታጅራ ሱቅ ሲከፍት ፈቃዱ በሱ ስም ነበር» አለ ከማሉዲን። «ሱቁ ውስጥ ቆማ የምትሸጠው ግን እናቴ ነበረች። ማን ጠየቃት?»

«እናትህ የምትሸጠው ስኳር ነው። ስኳር ሰው ላይ አይፈርስም።»

«የኔን እናት በነገር አትንኪ።»

«አልነካኋትም። ደንቡን ነው የምነግርህ። ወለሉ ሥር መግባት ካልቻልክ ‹አልገባሁም፣ ምክንያቴ ይህ ነው› ተብሎ ይጻፋል። ማንም አይሰቅልህም። ሳይገቡ ገባሁ ማለት ግን ሲታወቅ ፈቃድ ያስነጥቃል። የሚነጠቀው ደግሞ ያንተ አይደለም።»

«አልገባሁም የሚል ኢንስፔክተር የትኛው ሀበሻ ነው የሚጠራው?»

«እንግዲያው ገብተሃላ?»

ከማሉዲን ሪሞቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄኔ ነው።

የሩመይሳ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ጓደኛዋ አስማእ ናት፣ የሙሀሲን ልጅ። «እናትሽ ምን ሆና ነው የማትፈርመው? ነገ የኢንስፔክሽኑ ቀን ካለፈ ቤቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ያኔ እንዳታናግሪኝ፣ አይም ሲሪየስ።» ሩመይሳ ስልኩን ገለበጠችው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይኮራረፉ የኖሩ ልጆች ናቸው፤ አሁን በትልልቆች ጣጣ ሊቀያየሙ ነው። ተናደደች። በአስማእም፣ በአባቷም፣ በእናቷም ተናደደች።

ከሁሉም በላይ የተናደደችው ትናንት ቤቱ ወዳለበት ማውንትሌክ ቴራስ በመሄዷ ነበር። ቤቱን መፈተሽ የነበረባት ነጂባ ናት። ጠዋት ላይ ከሥራ ደውለው የቀረ ሰው ተክተሽ ግቢ አሏት፤ ከማሉዲን «ግድ የለም፣ እኔ አየዋለሁ» አለ። ሩመይሳን ይዟት ሄደ። አስማእና እሷ መኝታ ቤት ሲመርጡ ዋሉ። አስማእ የወደደችው ከጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ነው። ጥጉ ላይ ሲቆሙ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ትንሽ ሰመጥ ይላል። እየሳቁ ዘለሉበት።

ሩመይሳ አባቷን ያየችው በዚያ ክፍል መስኮት ነው። ከቤቱ ጀርባ ወደ ወለሉ ሥር የሚያስገባውን ትንሽ በር ከፈተ፤ ሊንበረከክ ሞከረ። ባለፈው ዓመት ከጣሪያ ሲወድቅ የተጎዳው ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ግድግዳውን ተደግፎ ጎንበስ ብሎ በባትሪ ወደ ውስጥ አበራ፣ ወዲያው አንገቱን መለሰ፣ በሩን ዘጋ። ነጂባ ለዚህ ሥራ ብላ የገዛችው ነጭ ቱታ ከላስቲኩ ሳይወጣ መኪናው ውስጥ ቀረ። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ፍሪዌይ ላይ፣ «ስገባ አይተሽኛል አይደል?» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ሩመይሳን ጠይቂያት» አለ አሁን። «አብራኝ ነበረች።»

ይመጣል ብላ የፈራችው ነገር መጣ። እናቷ ወደ እሷ ዞረች። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ ዓይኖቿ በድካም ቀልተዋል።

«ገባ?»

«አይ ዶንት ኖው» አለች ሩመይሳ።

«በአማርኛ መልሺልኝ።»

«ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ? እሱ አጠገብሽ ነው ያለው።»

«እሱማ መማል አቃተው» አለች ነጂባ። ድምጿ ዝቅ አለ። «ሩሚ፣ እኔ ደክሞኛል። የሙሀሲን ሚስት ከጠዋት ጀምሮ ኮል እያደረገች ታለቅሳለች። ይሄ ሰው አንድ ሳምንት ያኮርፈኛል። ሶ፣ አንቺ ገባ ካልሽኝ አምንሻለሁ። አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

እናቷ ለአባቷ ያልሰጠችውን እምነት አንስታ እሷ ላይ ጣለችው። አባቷን አየችው። ቢቆጣት፣ ቢያፈጥባት ይሻል ነበር። እሱ ግን በዓይኑ እየለመናት ነበር፤ ይህን ማየት ከሁሉም በላይ አስጠላት። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት አፍርሶ የሠራ አባት በልጁ ውሸት ሊቆም።

አንድ ቃል ነው። ገባ ብትል እናቷ ትፈርማለች፣ አባቷ ይተነፍሳል፣ አስማእ ነገ ትምህርት ቤት ትስማታለች። በጋው ሳይገባ አስማእ አልጋዋን እዚያ ጥግ ላይ ታደርጋለች። እዚያ የዘለሉበት ጥግ ላይ። ሩመይሳ አሁን ሶፋ ላይ ተቀምጣ እንኳ ያ ወለል ከእግሯ ሥር ሰመጥ ሲል ተሰማት። ከሥሩ ምን እንዳለ አታውቅም። አባቷም አያውቅም።

ተነሣች። አባቷ ፊት ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«አባ፣ የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ትራንክ ውስጥ ያለውን ቱታ ላምጣ። እማ ትለብሰዋለች።»

ነጂባ መልሷን አገኘች፤ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለ ከማሉዲን ቀስ ብሎ።

ሩመይሳ የዘረጋችውን እጇን አላጠፈችውም። እሱ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና እጇ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሣችው።

ውጭ ያካፋል። ተመልሳ ስትገባ ላስቲኩ ላይ ያረፈው ውሃ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ቱታውን የእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተቆረጠም። ከማሉዲን ፊቱን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን መልሷል።

ነጂባ ባሏን አላየችውም። ስልኳን አንስታ ቤቱን የሚያሻሽጠውን ኤጀንት ኮል አደረገች፤ ዛሬውኑ ይክፈትልኝ አለች። ከዚያ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው።

የሩመይሳ ስልክ እንደገና ነዘረ። አስማእ መሆኗን ሳታየው አወቀች። ኪሷ ውስጥ ትታው ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?» አለች እናቷ።

«ካንቺ ጋር። ወለሉ የሚሰምጥበትን ቦታ አሳይሻለሁ።»