ቀላሉ ድንጋይ

እስቲ ስልኮቻችሁን አጥፉ። መብራት የሄደው ለእናንተም ለእኔም እኩል ነው። ያን ባትሪ ዓይኔ ላይ የምታበራው ልጅ፣ አንተን ነው። እንዲህ ነዋ። አሁን ጨለማው ጨለማ መሰለ።

ነገ የምትሄዱበትን መንገድ ልንገራችሁ። አስጎብኚያችሁ "ቀላል የእግር ጉዞ ነው" ብሏችኋል አይደል? እውነቱን ነው። መጀመሪያ ነጫጮቹ ኮረብቶች ናቸው፤ ሴቶቻችን ግድግዳ የሚቀቡበትን ነጭ አፈር የሚቆፍሩባቸው። ዳገቱ ዳገት አይባልም። ከዚያ አስታው ይመጣል፤ ከወገብ የማይበልጥ ቁጥቋጦ፣ ሜዳ ሙሉ። ከዚያ የጥዱ ጫካ። ከጫካው ስትወጡ መንደር ነው። ነፍሰ ጡር ትሄደዋለች። ሽማግሌ ይሄደዋል። የሞተ ሰውም ይሄደዋል፤ ይህን እንኳ አስጎብኚው አልነገራችሁም።

ሰዓቱ ቀትር ነበር። አትሳቁ። እናንተ ጋ መንፈስ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ፊልም ላይ አይታችሁታል። እኛ ጋ የሚፈራው ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ ዝም ሲል፣ ገበሬ በሬውን ፈትቶ ጥላ ሥር ሲጋደም። ያኔ መንገድ ላይ ሰው አይገኝም። ከተገኘም፣ ሰው መሆኑን መጠየቅ ነው።

ድሮ ነው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ነጭ ኮረብታ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሄድ ነበር። እንዳላማው ይባላል።

እንዳላማው ጨዋ ሰው ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ? ተጠምቶ ውሃ ሲሰጡት "አይ፣ ይቅር" ሳይል አይቀበልም። አንጀቱ እየጮኸ "አሁን በልቼ ነው የመጣሁ" ይላል። ይሉኝታ ገደለው ይሉት ነበር፣ ገና ሳይገድለው።

ይህ ጨዋ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ባለገ። ያንኑ አንድ ጊዜ በገዛ አባቱ ላይ አዋለው። በእርሻ ወሰን ተጣልተው ሽማግሌዎች ፊት ቆመው ሳለ፣ "አባቴ ጃጅቷል፤ ቃሉ አይያዝ" አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። መሬቱም ለእሱ ተፈረደ። ምን ያህል መሬት? ጎመን ቢተክሉበት ለአንድ ወጥ የማይበቃ። አባትየው አቶ ሰጥአርጌ ከሸንጎው ተነሥተው ከጫካው ማዶ ወዳለችው እህታቸው ሄዱ፤ እዚያው ኖሩ። ልጃቸውንም ዳግመኛ አላዩትም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት መልእክተኛ መጣ። "አባትህ ደክመዋል። ዛሬውኑ ድረስ" አለው።

እንዳላማው አለቀሰ። በዚህስ አላሾፍም፤ የእውነት ለቅሶ ነበር። አባቱን ይወዳቸዋል። በየዓመቱ ልሂድ ልሂድ ይላል፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይቀራል። አሁን ግን ሳይታረቁ ከሞቱ ያ ክፉ ቃል እስከ ዕድሜ ልኩ ጫንቃው ላይ እንደሚቀር ገባው።

እርቅ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ? በደለኛው ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ከተበደለው ሰው ፊት ይቆማል። የተበደለው ሰው በገዛ እጁ ድንጋዩን ያወርድለታል። በቃ፣ ታረቁ። ሌላ ሰው ቢያወርደው አይቆጠርም። ድንጋዩንም ሰው የሚያነሣው ደጅ ሲደርስ ነው።

እንዳላማው ግን ከነጩ ኮረብታ ጀምሮ ተሸከመ። ለምን? ሰው እንዲያየው ነዋ። "እንዳላማው እኮ ያን ሁሉ መንገድ አጎንብሶ ሄደ" እንዲባል። በቀትር ማን ሊያየው እንደሆነ እሱ ያውቃል። ደግሞ ድንጋዩን አማረጠ። አንዱን አነሣ፣ ከበደው፣ ጣለው። ሌላውን አነሣ፣ ቆረቆረው፣ ጣለው። በመጨረሻ ከዚያ ከነጩ ድንጋይ አንዱን አገኘ፤ ሲያዩት ትልቅ፣ ሲያነሡት እንደ ዳቦ ቀላል። ደስ አለው። ጫንቃው ላይ አደረገው፣ በሁለት እጁ ያዘው፣ አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ቀጠለ።

ትንሽ እንደሄደ ከኋላው ሳል ሰማ። እህ፣ እህ። የሽማግሌ ሳል። ዞረ? በምን አንገቱ ይዙር?

"እንደምን ዋሉ፣ አባቴ" አለ መሬት መሬቱን እያየ። የማያውቁትን ሽማግሌ አባቴ ማለት ደንብ ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ድንጋዩን ላውርድልህ?"

"ኧረ ነውር ነው። እርስዎ ደክመው? ቀላል ነው፣ አያስቡ።"

ሽማግሌው ከጎኑ መሄድ ጀመሩ። እንዳላማው የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። ባዶ እግር፣ ያረጀ። የእሱ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ አፈር ለብሷል። የሳቸው አሁን ታጥቦ እንደወጣ ንጹሕ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እንዳላማው በልቡ "ጥንቁቅ ሰው ናቸው" አለ። ጥላቸውስ? በቀትር የማን ጥላ ይታያል?

አስታው ውስጥ ገቡ። የደረቀው ጭራሮ በእንዳላማው እግር ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። በሽማግሌው እግር ሥር ዝም። "አረማመዳቸው ደስ ሲል" አለ በልቡ። ለሁሉም ነገር መልስ አለው፤ እንዲህ ያለ ሰው አታውቁም?

"ለማን ነው የተሸከምከው?" አሉት ሽማግሌው።

"ለአባቴ። ክፉ ቃል ተናግሬያቸው ነው። ግን እንጃ፣ ግትር ናቸው። እሳቸው ይህን ድንጋይ ከሚያወርዱልኝ ሞታቸውን ይመርጣሉ።"

ሽማግሌው ሳሉ።

"ሁለቱንም ቢያደርጉስ?" አሉ።

እንዳላማው ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ድምፃቸውን እንዴት አላወቀውም ትሉኝ ይሆናል። ዓመታት አልፈዋል፤ በሽታም ድምፅ ይለውጣል። ደግሞስ ከአባቱ አፍ "ላውርድልህ" የሚል ቃል መቼ ጠብቆ?

"እስቲ በል ላውርድልህ፣ ልጄ። ፀሐዩ በረታ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ። አባቴ ካላወረዱት አይቆጠርም። እርስዎን ማድከም ብቻ ነው።"

ጫካው ደረሱ። ፀሐይ ዘንበል ብላለች። በጥዶቹ መካከል ብርሃን መንገዱ ላይ ወድቋል። እንዳላማው ጥላውን አየ፤ የጎበጠ፣ ድንጋይ የተሸከመ። ከጎኑ የሽማግሌውን ፈለገ። የለም። ደግሞ አየ። እግሮቹ አሉ፣ ንጹሕ እንደሆኑ አሉ፤ ጥላ የለም። አሁን ምን ይበል? ለዚህኛው መልስ አጣ። ባለበት ቆመ።

እግሮቹ ቀደሙትና ከፊቱ ዞረው ቆሙ። እንግዲህ አስቡት፤ ፊት ለፊት ቆመዋል። ቀና ቢል ፊታቸውን ያያል። ቀና አላለም፤ ፈራ። ሁለት እጆች ከላይ መጥተው ድንጋዩን ያዙ። ጣቶቹ አንገቱን ነኩት። የምንጭ ውሃ ነው የሚመስለው ብርዱ።

"ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም። ላውርድልህ። እባክህ፣ ልጄ።"

እንዳላማው ምን አለ? ያኔም እንኳ ጨዋነቱ አልቀረም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አይሆንም" አለ። ድንጋዩን ነጥቆ ሮጠ። ከኋላው በስሙ ጠሩት። እንዳላማው፣ እንዳላማው። ስሙን አልነገራቸውም ነበር። ቀትር ላይ ለሚጠራ አቤት አይባልም ሲባል ያደገ ሰው ነው፤ አቤት አላለም።

መንደሩ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶች ያለቅሳሉ። አክስቱ ወይዘሮ የሻረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።

"አሁን ነው የምትደርሰው?" አለችው። "ቀትር ላይ አረፈ። ጠዋት ሙሉ በር በሩን ሲያይ ነበር። በኋላ 'እግሬን እጠቢኝ፣ መንገድ አለብኝ' አለኝ። አጠብኩት። 'ልጄ ሸክም ይዞ በፀሐይ እየመጣ ነው፤ ወጥቼ ላውርድለት' አለ። ተኛ፣ የትም አትሄድም አልኩት። ዝም አለ። የሞተ አልመሰለኝም።"

እንዳላማው ድንጋዩ ጫንቃው ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ። አላለቀሰም። ሽማግሌዎቹን "አውርዱልኝ" ብሎ ለመነ። አዘኑለት፣ ግን አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። "እኛን አልበደልከንም፣ ልጃችን" አሉት። ማንም አልያዘውም፤ ወርውሮ ሊጥለው ይችል ነበር። አልጣለውም። በመጣበት ዞሮ ወደ ጫካው ሮጠ። "አባቴ፣ ያውርዱልኝ" እያለ ጥድ ለጥድ ሲጮህ አመሸ። ማን ይመልስለት? የሚለምነውን ሲሰጡት እምቢ ብሎ ነው የመጣው።

ያ ከኮረብታው ሁሉ ቀላሉ ድንጋይ ከዚያች ቀን በኋላ ከበደው ይላሉ። እስኪሞት ድረስ ቀትር ቀትር ያንን መንገድ ተመላለሰበት። ከሞተም በኋላ አልተወም። እዚያ አስታ ውስጥ የጎበጠ ሰው ያዩ አሉ፤ ሽማግሌ ሲያልፍ "አባቴ፣ ያውርዱልኝ" ይላል። ሽማግሌውም ጋቢውን ሰብስቦ ይሮጣል። የሰማንያ ዓመት ሰው እንደዚያ መሮጥ መቻሉን እዚህ አገር ያወቅነው በእንዳላማው ነው። እስካሁን ያወረደለት የለም።

አንቺ ባለ ኮፍያዋ፣ ብቻዬን ቀድሜ እሄዳለሁ ያልሽው፣ እሱን ነገር ተዪው። ብቻ አይኬድም። ጅብ ይበላሻል ብዬ አይደለም። ሁላችሁም እንደ አህያ ተጭናችሁ ነው የመጣችሁት፤ የሚያወርድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ነገ ቀትር ላይ ማንም ይሁን ማን ላውርድልህ ካላችሁ፣ ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩት። ከዚያ አይ አትበሉ፣ ስጡት።