ርካሹ የግቢ ንጣፍ

«ሰባ ብር» አለ ግንበኛው ገላው፣ ግቢውን ከአጥሩ እስከ በረንዳው በእርምጃው ለክቶ ሲጨርስ። «ድንጋዩም አሸዋውም ከእኔ ነው። ከዚያ በላይ ምንም አልጠይቅም።»

በረንዳው ላይ የሻይ ብርጭቆ ታለቀልቅ የነበረችው ባንቺዓለም እጇን ገታች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ከእናቷ ከወይዘሮ ይርጋነሽ ጋር ብቸና ገበያ እየወጣች ስላደገች፣ ዋጋ ሲጠራ ከታች የሚጀምር ሰው አይታ አታውቅም። እናቷ ግን ያለወትሮዋ አንድ ቃል እንኳ አልተከራከረችም። «እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ ይጀምሩ» ብላ ተስማማች።

ግቢው መነጠፍ ነበረበት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ የሚተዳደሩት እዚያው ግቢ ውስጥ በከፈቱት ሻይ ቤት ነው። በበጋ የአውራጃው ጸሐፊዎችና መምህራን ከዋንዛው ሥር ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ይሆንና ደንበኛው ሁሉ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ባለፈው መስከረም እናቷ ትሪ እንደያዘች ተንሸራታ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ እስኪጠግናት ድረስ ባንቺዓለም ትምህርቷን ትታ ሻይ ስታፈላ ሰነበተች። ያ እንዲደገም አትፈልግም። ድንጋዩ በአንድ ክረምት ቢሰምጥ ደግሞ፣ ሁለተኛ የሚያስነጥፉበት ገንዘብ የላቸውም።

«ሊሸውደን ነው» አለች ሰውየው እንደወጣ።

እናቷ ሥራውን አይተን እንፈርዳለን ብላ ነገሩን ዘጋችው። ባንቺዓለም ይሄም አላማራት።

ፋሲካን ለመዋል ሞጣ አክስቷ ፈንታነሽ ዘንድ ሄደች። የአክስቷ ግቢ ባለፈው ዓመት ተነጥፎ ስለነበር፣ ያነጠፈው ሽማግሌ ወልደ ኪዳን ለበዓሉ ተጠርቶ ሲመጣ ምግቡ እስኪነሳ እንኳ አልጠበቀችም። የግቢያቸውን ስፋት ነገረችው። አፈሩ ጥቁር ነው ወይስ ቀይ፣ ድንጋዩስ ከሩቅ ነው የሚመጣ ብሎ ጠየቃት።

«ጥቁር አፈር ከሆነማ በደንብ ተቆፍሮ ጠጠር መሞላት አለበት» አላት። «እኔ ከመቶ ሃምሳ ብር በታች እጄን አላስገባበትም።»

«በሰባ ብር እሠራለሁ የሚል ሰው ቢገኝስ?»

ሽማግሌው ጢሙን እየዳበሰ አሰበ። «ወይ ሥራውን አያውቅም፤ ወይ ጠጠሩን ሳይሞላ ድንጋይ ሊያለብስበት ነው። አለዚያም ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ።»

በጭነት መኪና ወደ ብቸና ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን ስታሰላስል መጣች። ቤት ስትደርስ ገላው ሥራውን ጀምሮ ነበር። ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ሄዳ ቁልቁል አየች። እስከ ጉልበት ተቆፍሯል። በማግስቱ ጠጠር የተጫኑ አህዮች መጡ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ እንጨት እየወጋች የጠጠሩን ጥልቀት ትለካለች። የሚነቃነቅ ድንጋይ ካለ ብላ በእግሯ እየረገጠች ትፈትሻለች። አንድ ድንጋይ ቢንቀሳቀስባት፣ ሳትናገር ገላው ራሱ አንስቶ እንደገና አስቀመጠው። ሥራው ባማረ ቁጥር የእሷ ጥርጣሬ ባሰ። ሽማግሌው ከቆጠራቸው ሦስት ምክንያቶች የቀረው አንዱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ድንጋዩን ትታ ሰውየውን ትመለከት ጀመር። ጠዋት የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ይገባል፤ ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ የሥራ ልብሱን ይቀይራል። ከሻይ ቤቱ ደንበኞች ሁሉ ጋር ሲጫወት የሚውል ሰው፣ እናቷ ሻይ ይዛለት ስትመጣ ከጉልበቱ ላይ አቧራ እያራገፈ ይነሳና ወሬው ሁሉ ይጠፋበታል።

አንድ ከሰዓት እናቷ ገበያ ወጥታ ሳለ ባንቺዓለም ደብተሯን አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ ገላው፣ ይህ ሥራ ሞጣ ላይ መቶ ሃምሳ ብር ነው።»

«ነው» አለ፣ ዓይኑን ከድንጋዩ ሳያነሳ።

«ታዲያ ለምን ሰባ አሉ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ብቻውን የሚኖር ሰው መሆኑን ባንቺዓለምም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ታውቃለች። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«መቶ ሃምሳ ብል እናትሽ አትችልም። ሥራው ቢቀር ደግሞ በዚህ በር የምገባበት ምክንያት የለኝም» አለ። «ክፉ አላሰብሁም። አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ እንጂ።»

ባንቺዓለም ሌባ ልትይዝ ነበር የተዘጋጀችው። ለሌባ ያዘጋጀችው ንግግር ለዚህ አይሆንም። ይሁን እንጂ ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ጨመረ። ግቢው የአባቷ ግቢ ነው። ደብተሯን አንስታ ወደ ቤት ገባች።

እናቷ ስትመለስ የሞጣውን ዋጋ ብቻ ነገረቻት። ትደነግጣለች ብላ ነበር። እናቷ ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «ከገበያ ገበያ ስዞር የኖርሁ ሴት የድንጋይ ዋጋ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?»

«ዋጋው ስለረከሰልኝ ብቻ አይደለም» አለች እናቷ ወደ መሬት እያየች። ከመቀነቷ የተቋጠረ ብር ፈታች። የአንገት ድሪዋን ሸጣ መምጣቷ ነበር። «የጎደለው ይሄው። ከከፈልሁት ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ በእኛ ላይ የሚያነሳው ነገር አይኖርም። እንዲሄድ... እንዲሄድ ግን አልፈልግም። አንቺን ሳልጠይቅ ደግሞ ምንም አላደርግም።»

ይሂድ የሚለው ቃል ባንቺዓለም ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስትል የእናቷን አንገት አየች፤ ድሪው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እናቷ መምህር ፊት እንደቆመች ተማሪ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እስከዛሬ ገላውን ስትከታተል፣ እናቷን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አላየቻትም ነበር።

«ብሩን እኔ ልስጠው» አለች።

ገላው ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«ከድንጋዩ ዋጋ የጎደለው ነው። ይቀበሉ።»

ተቀበለ። ሳይቆጥር ኪሱ ከትቶ፣ እንደተሰናበተ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከረጢቱን አነሳ።

«ጋሼ ገላው» አለችው። ድምፅዋ አልለሰለሰም። «ሌላውን ነገር በድንጋይ ዋጋ ውስጥ አይደብቁት። ሽማግሌ ይላኩ። እማዬ ምን እንደምትል እንጃ። እኔም ምን እንደምል ገና አላውቅም።»

ገላው ከረጢቱን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ነገ ጠዋት መጥቶ የቀረውን ጥግ እንደሚጨርስ ነገራት።

ባንቺዓለም ራሷን ነቀነቀችና እስከ በሩ ሸኘችው።