ከኋላ የሚቆለፍ ቀሚስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሚሴ ላይ ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ፤ የሙሽራውን፣ የተማሪውን፣ የአራሷን። ለራሴ ግን ከኋላ የሚቆለፍ ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም። የእኔ ቀሚስ ሁሉ ቁልፉ ፊት ለፊት ነው። ለምን ሲሉኝ ይቀለኛል እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከኋላ የሚቆለፍ ልብስ ቆላፊ ይፈልጋል፤ ቆላፊ ደግሞ ጀርባ ያያል።

ቂሜ በአባቴ እህት ላይ ነው። ዓፊያ ትባላለች፤ እኛ አዳዳ እንላታለን፣ የአባት እህት ማለት ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ጨፋ ሮቢት ሳለን፣ ጀርባዬ ብጉር አወጣ። አዳዳ ቆዳ አውቃለሁ የምትል ሴት ነበረች። ሎሚና ጨው ቀባችኝና ተረከዝ በሚፈተግበት ጥቁር ድንጋይ ሦስት ጁምዓ ፈተገችኝ። ደማ፣ ቆሰለ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። እሱስ ይሁን፤ ደግ አስባ ነው።

ኋላ ግን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ፍል ውሃ ወረድን። ልብሴን ሳወልቅ አንዷ ጀርባዬን አየችና «ይችን ልጅ ጂን ገርፏታል» አለች። ውሃው ውስጥ የነበረች እናት ሁሉ ልጇን እየጎተተች ወጣች። አዳዳ አጠገቤ ቆማ ነበር። ድንጋዩ እንደሆነ ታውቃለች። ዝም አለች።

እኔ ድንጋዩን አልተቀየምኩም። ዝምታዋን ነው።

ከዚያ በኋላ ስሜ «የጂን ግርፍ» ሆነ። ሊያጨኝ የመጣ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ስሙን ሲሰማ ሽማግሌውን መልሶ ጠራ። ኋላ ላይ ያገባሁት ሰውዬም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጀርባዬን አላየም፤ እኔም አላሳየሁትም። ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ስገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው የምቀመጥ። ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ? እኔ ራሴ ማመን ጀመርኩ። የተፈተግሁት በድንጋይ እንደሆነ እያወቅሁ፣ የቦርከናን ወንዝ ስሻገር ከኋላዬ አንድ ነገር የቆመ ይመስለኝና እዞራለሁ። ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲባል፣ ውሸቱም ቢሆን አብሮት ይኖራል።

ይኼን ለልጄ ለሱዓድ ነግሬያት አላውቅም።

ሱዓድ ኋላ እንደነገረችኝ፣ የእሷ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ዘጠነኛ ክፍል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሸሚዝ ስትቀይር ከኋላዋ ሳቅ ሰማች። አንዷ ልጅ የጀርባዋን ብጉር በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥር ነበር፤ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ደወል ተደወለ። ሱዓድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፖርት ሲደርስ ሆዷን ያማት ጀመር። በሙቀቱ ላይ ሹራብ ትደርባለች። ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ እንደለጠፈች ትቀመጣለች። መምህሩ ሲጠራት ሰሌዳ ጋ አትወጣም፤ ጀርባዋን ለክፍሉ መስጠት ነዋ።

እኔ ምን አየሁ? ምንም። ልጄ ግድግዳ እየመረጠች ስትቀመጥ እያየሁ፣ ጨዋነት መሰለኝ።

ጓደኛዋ ነፃነት ናት ቀድማ ያወቀችው። ሽንት ቤት ጀርባ ወስዳ አየቻትና «ባክሽ አታካብጂ፣ ብጉር እኮ ነው» አለቻት። ቀጥላ ግን «ቢሆንም ቶሎ አጥፊው፤ ሙድ ይይዙብሻል» አለች። ወንድሟን ሰንበቴ ገበያ ልካ አንድ ቱቦ ቅባት አስመጣችላት። ሱዓድ ተቀባች። በሳምንቱ በረደላትና ሁለቱም ጨፈሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከበፊቱ ብሶ ወጣ፤ ትከሻዋም ደረቷም ቀላ። ሱዓድ የቅባቱን መጠን ጨመረች። ከዚያ የጥርስ ሳሙና። ከዚያ ሎሚና ጨው። ብጉሩን በጥፍሯ እያፈረጠች በሎሚ ታጥበዋለች፤ ሲያቃጥላት ሠራ ትላለች። በጁምዓ ጁምዓ ደግሞ እኔ ራሴ ጸጉሯን ቅቤ እቀባታለሁ፤ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ በአንገቷ ወደ ጀርባዋ ይወርዳል። ሸሚዟንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አይጨማደድም ብዬ የመረጥኩት ጨርቅ ላብ አይመጥጥም።

አላወቅኩም እንጂ እጄ አለበት።

ሁሉም እምቢ ሲላት ሱዓድ አንድ ነገር አሰበች። በየቅዳሜው ጨፋ ሮቢት ለአዳዳ ዱቄት እልካለሁ። እልካለሁ እንጂ አልሄድም። አድራሿ ሱዓድ ናት። አሮጊቷ ስለ ቆዳ ታውቃለች ሲባል ሰምታለችና ጀርባዋን ገልጣ ሰጠቻት። አዳዳ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ በእጇ ዳስሳ ተነሳችና ከሳጥኗ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ አያያዙንም በእጇ አሳየቻት። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣» አለቻት፣ «ይኼ የእናትሽንም አድኗል።»

በማግስቱ እሑድ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እኔ መኪናዬ ላይ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ ዘይት ጨርሶ ሲንጫጫብኝ አቆምኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከመታጠቢያው ቆርቆሮ ጀርባ ድምፁ መጣ።

ሸርክ። ሸርክ። ውሃ ይፈስሳል። ሸርክ።

ድንጋይ ሲፈትግ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሰው ተረከዙን ይፈትጋል። ይኼኛው ግን የእኔ ነበር። ሦስቴ ወደ ላይ፣ ረጅም፣ ከዚያ ትንሽ ማረፍ። አዳዳ እንደዚያ ነበር የምትፈትገኝ። የራሴ ጀርባ ተነስቶ ቆሞ የሚታጠብ መሰለኝ። አዑዙ ቢላሂ አልኩ። ሞተው የተነሱ ሰዎች ቢጠሩኝ እንኳን እንደዚያ አልፈራም።

በሩ ጋ ስደርስ የሚሰማኝ የሱዓድ ትንፋሽ ነው፤ ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች።

«ሱዓድ።»

ድምፁ ቆመ።

«ምንም አይደለም እማ። እየታጠብኩ ነው።»

እኔም በእሷ ዕድሜ፣ እናቴ ከውጭ ስትጠራኝ፣ በዚሁ ቃል ነው የመለስኩት። ምንም አይደለም። እናቴም እሺ ብላ ሄደች። ያን ጊዜ እናቴ ገብታ ቢሆን ኖሮ ስል ስንት ዓመት አስቤያለሁ። አሁን ከውጭ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ቆርቆሮውን ገፍቼ ገባሁ። ሱዓድ ፎጣዋን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ውሃው እግሯ ሥር ቀልቷል። በእጇ ያለውን አየሁት፤ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ አንድ ጫፉ የተሰበረ። ሲሰበር እኔ እዚያው ነበርኩ።

ልጮህ ነበር፤ ተውኩት። ብቆጣት ትደብቀዋለች፤ ብመክራት አዎ ብላኝ ነገ ትፈትጋለች። እኔ ግትር ነኝ፣ እሷም የእኔ ልጅ ናት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስቆማት፤ እሱንም ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ዞርኩ። የፊት ቁልፌን አንድ በአንድ ፈታሁና ቀሚሴን ከትከሻዬ አወረድኩ።

ከኋላዬ ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ።

«በዚሁ ድንጋይ ነው፣» አልኳት። «ጂን አይደለም።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያየችን ሲስተር መስታወት የምትባል ናት። ሱዓድን እስካሁን ምን ምን እንዳደረገች ጠየቀቻት። ልጄ በጣቷ እየቆጠረች ነገረቻት፤ ቱቦውን፣ ሎሚውን፣ ጨውን፣ የጥርስ ሳሙናውን፣ ቅቤውን፣ ድንጋዩን።

«ሎሚ፣ ጨው፣ ቅቤ፣» አለች ሲስተር መስታወት። «ልታክሚው ነው ወይስ ልትበይው?»

ሱዓድ በወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ብጉር ፊት ላይ እንደሚወጣው ጀርባና ደረት ላይም ይወጣል አለችን። ከቆሻሻ አይደለም፣ ከጂንም አይደለም፤ የዕድሜዋ ነው፤ ላብና ቅባት ያብሰዋል። ቱቦውን አይታ ይኼ ሐኪም ለሌላ በሽታ የሚያዝዘው ነው፣ ለጊዜው ያበርድና ቆይቶ ያብሳል፣ ስሙን የማታውቂውን ከገበያ አምጥተሽ አትቀቢ አለቻት። ቁስሉ እስኪደርቅ ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ በእጅ፣ ያለ መፈተጊያ። ሲደርቅ የሚታጠቡበት መድኃኒት ጻፈችላት፤ ቀብተሽ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ታጠቢው፣ ካቃጠለሽ ተመለሺ አለች። ጸጉርሽን መጀመሪያ፣ ጀርባሽን መጨረሻ ታጠቢ፣ ቅቤው እንዳይቀርበት። ላብ ሲያልብሽ ሸሚዝ ቀይሪ። አታፍርጪ። ሁለት ወር ሳይሞላ አልሠራም ብለሽ እንዳትተይው። ለእኔ ደግሞ፣ መድኃኒቱ ቀለም ያለውን ጨርቅ ያነጣል፣ ነጭ አልብሻት አለችኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ቀርቼ ነበር። በንግግሯ መሀል፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ብጉሩ ይጠፋል፤ ፈትገው ሲያቆስሉት ነው ጠባሳ የሚቀረው» ብላ አልፋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰው አፍ የጠበቅሁት ቃል ነው። ድገሚልኝ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና ደገመችው።

ቅዳሜ ዱቄቱን እኔ ተሸከምኩ። ሱዓድ ድንጋዩን ያዘች።

አዳዳ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ስላት በድምፄ አወቀችኝ፤ ፊቷ ሲበራ ሳይ ቂሜ ትንሽ አፈረ። ግን አልተመለስኩም። ድንጋዩን ከሱዓድ ተቀብዬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ዳሰሰችው።

ለምን ለልጄ ሰጠሻት አልኳት።

«ይጠቅማታል ብዬ ነዋ። ላንቺም ጠቅሞሽ የለ?»

የእውነቷን ነው። ዝም ስትል ኖራ ራሷንም አሳምናለች። ልሰድባት ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። መሬት ላይ ከፊቷ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋት። ቁልፌን ፈታሁ። እጇን ይዤ ከኋላዬ አኖርኩት።

እጇ መጀመሪያ ፈጠነ። ከዚያ ዘገየ። ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ጉብጉብ ያለውን አንድ በአንድ ዳሰሰችው። ዶሮ ሲጭር ይሰማል።

«ሱዓድ፣» አለች አዳዳ። ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው የተናገረችው። «ይኼ የእኔ እጅ ነው።»

ከዚያ ለእኔ ቀጠለች።

«ያን ቀን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ሴቱ ሁሉ ልጁን ወደ እኔ ነበር የሚያመጣ። እንዳይሸሹኝ ፈራሁ።»

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አላለችም። እኔም አውፍ ብዬሻለሁ አላልኩም። ግን እጇን አላነሳችም፤ እኔም አልተነሳሁም። ጀርባዬን ነፋስ ሲነካው ያን ያህል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ስንነሳ ድንጋዩን ያነሳችው ሱዓድ ናት። አሮጊቷ እግር ሥር አኖረችው። «ለተረከዝሽ ይሁን አዳዳ፣» አለቻት። «ለሰው ጀርባ ግን እንዳትሰጪው።» አዳዳ በጭንቅላቷ እሺ አለች።

ለሱዓድ ከነጭ ጥጥ ጨርቅ ሰፋ ያለ የውስጥ ሸሚዝ አራት ሰፋሁላት። ብጉሯ አንዳንድ ቀን ይብሳል፣ አንዳንድ ቀን ይሻላል፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳ ጋ ጠርቷት ወጣች አለችኝ። የሳቀ ነበር ወይ ስላት፣ አልዞርኩም እኮ እማ፣ ሒሳቡን እየሠራሁ ነበር አለች።

ረመዳን ሲጋመስ የሰው ልብስ እየሰፋሁ በመሀሉ ለራሴ አንድ ቀሚስ ቆረጥኩ። ሱዓድ ቁልፉን በጀርባው በኩል ሳበጅ አየችኝ።

የዒድ ጧት ለበስኩትና ወደ ክፍሏ ገባሁ። ዞሬ ቆምኩ።

«ቆልፊልኝ።»

አምስት ቁልፍ ነው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይጠብቃል?» አለችኝ።

«አይጠብቅም፣» አልኳት። «ቀጥዪ።»