የለቅሶው ድንኳን ሥዕል

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም. እሑድ ማለዳ፣ አዳማ ከተማ በጭስ ተሸፍና ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነውና እንደ ጥንቱ ልማድ በየደጁ የተጠረገው ጥራጊ ተከምሮ ይነዳል፤ ከገንደ ጋራ ሰፈር ኮረብታ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ሜዳው ሁሉ ግራጫ ጋቢ የለበሰ ይመስላል፤ በተረተሩ ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ብቻ ነጫጭ ክንዶቻቸውን ከጭሱ በላይ ያዞራሉ። በዚያ ዓመት ግን ሰውን ያስጨነቀው ሌላ ነበር። በሰሜን የተነሣው ጦርነት ወሎን አልፎ ወደ ሸዋ እየወረደ ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል፤ ወጣቱ በየሜዳው ዱላ ይዞ ይሰለጥናል፤ የጅቡቲ መንገድ ሊቆረጥ ነው የሚል ወሬ በየባጃጁ ይጓዛል፤ የጎረቤት ዐይንም በጎረቤት ላይ ከወትሮው ረዘም ብሎ ማረፍ ጀምሯል።

በዚያ ማለዳ ፕሮፌሰር ገላኔ ደገፋ ከግቢያቸው በስተኋላ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በያዘ ሸራ ፊት ቆመው ነበር። ፕሮፌሰር ገላኔ የስድሳ አራት ዓመት ሴት ናቸው፤ ብዙ ዘመን አዲስ አበባ ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው፣ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ በጡረታ ወደ ተወለዱባት ከተማ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልጨበጡም፤ ማስቀመጫ ያጡ ተማሪዎቻቸው ሥራዎቻቸውን እያመጡ ሲያኖሩባቸው፣ የእርሳቸው ሙያ መጠበቅ ሆነ፤ ከምስጥ፣ ከአቧራ፣ ከቆላ ፀሐይ መጠበቅ። ከሰው መጠበቅ ይመጣል ብለው ግን አላሰቡም ነበር።

ሸራው «አንድ ድንኳን» ይባላል። በሰፊ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እናቶች በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዲቱ በትግራይ ሹሩባ፣ አንዲቱ በወሎ ጥለት፣ አንዲቱ የአርሲ ጨሌ አስራ፣ አንዲቱም በአፋር ሽርጥ። በመካከላቸው ሬሳም ሣጥንም የለም፤ አንድ የወታደር ጫማ ብቻ ተቀምጧል፤ የየትኛው ወገን ጫማ እንደሆነ አይታወቅም። የሳለው ምሕረተአብ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ትውልዱ ዓዲግራት ሲሆን፣ አዳማ ገብቶ ሥዕል እያስተማረ፣ የምንጃር ልጅ አግብቶ፣ የከተማው ሰው ሆኖ ይኖር ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን ከሥራው ሲመለስ በመንገድ ተያዘ።

ሚስቱ የሺዓለም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በዋዜማው ፕሮፌሰሯን ይዛ ወደ ታሰረበት ቦታ ሄዳ ነበር፤ ተረኛው ሹም ዋስ እንደማይቀበል ነግሯቸው፣ ሲወጡ ደግሞ፣ «ይስላቸዋል ስለተባሉት ሥዕሎች ጥቆማ ደርሶናል፤ ፍተሻ ይኖራል» ብሎ ጨመረ። አሁን በጭሱ መካከል በግቢው በር ገባች፤ ሰላምታዋም አጭር ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ከተማው ሁሉ ያጨሳል» አለች፤ «በአንድ ግቢ ጭስ ቢበዛ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እባክዎ ያቃጥሉልኝ።»

«ልጄ፣ ስንት ዓመት እንደደከመበት አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ እንጂ! መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዤ ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነኝ። ግን ይኼ ከተገኘ ለጠላት ያለቅሳል ይሉታል፤ አይፈቱትም። ሸራ ይተካል። ለዚህ ልጅ አባት ከየት አመጣለታለሁ?»

ፕሮፌሰር ገላኔ እውነቱ ከእርሷ ዘንድ እንደሆነ ተሰማቸው። ወደ ሸራው ዞረው የእናቶቹን ፊት አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ በዚያ ሥዕል ላይ እሳት የሚለኩስ እጅ እንደሌላቸው ዐወቁ፤ ባል ከእስር የሚያስወጣ እጅም እንደሌላቸው እንዲሁ።

«በእርሱ ስም እንዳይገኝ አደርገዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት አድርገው?»

«በእኔ ስም ይሆናል።»

«ቢያዙስ?»

«ብያዝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የእርሱን ስም ከአፌ ባወጣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ።»

የሺዓለም ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «እርስዎ ይህን ጨርቅ ከሰው አብልጠው ይወዱታል» አለችና፣ መርቃም ተራግማም ሳትሄድ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ወደ ጭሱ ወጣች።

በዚያው ቀን ፕሮፌሰሯ ምሕረተአብ የፈረመበትን ጥግ በቫርኒሽ ለብጠው፣ ሲደርቅ ቶሎ በሚጠነክር ቀለም የድንኳኑን ጥላ አስመስለው ሸፈኑት፤ ቀለሙ ኋላ ሲፈለግ እንዲነሣ ነው ቫርኒሹ በመካከል የገባው። ከዚያም ግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ይዞለት፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ «ገላኔ ደ.» ብለው ጻፉ። ለስንት ዓመት ወዳልነኩት ብሩሽ የተመለሱት ለሐሰት ነበር።

ታናሽ ወንድማቸው ጫምሳ በባቱ፣ ከሐይቁ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማል፤ የመስኖ ቱቦም ከአዳማ ያስጭናል። ፍተሻው ሳይደርስ ወደ እርሱ እንዲሻገሩ ሸራዎቹ ሁሉ ከእንጨታቸው ተላቀው፣ ቀለማቸው እንዳይሰነጠቅ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ ተጠቀለሉ፤ በንጹሕ አቡጀዲ ተሸፍነውም በሰፋፊዎቹ ቱቦዎች ውስጥ ገቡ። ማክሰኞ ጠዋት ኑሬ የሚባለው የጫምሳ ሾፌር አይሱዙውን አስነሣ፤ ፕሮፌሰሯም ከጎኑ ተቀመጡ።

«አዴ፣ እናቴ፣ እርስዎ ቢቀሩ ይሻላል» አለ ኑሬ። «እኔ ቱቦ ጫንኩ እላለሁ፤ ሌላ አላውቅም።»

«ለዚያ ነው የምመጣው፤ ከተጠየቅን የምመልሰው እኔ ነኝ፤ አንተ እውነትም ሌላ እንዳታውቅ።»

ሞጆን አልፈው ወደ ቆቃ ድልድይ ሲቃረቡ መንገዱ በገመድ ተዘግቶ አገኙት። መኪናዎች በረጅሙ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮች በመኪኖቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫት ይቅማሉ፤ ጥበቃዎቹም ረጅም ፌሮ ይዘው የእህሉን ጆንያ፣ የሳሩን ክምር ይወጋሉ። ተራቸው ሲደርስ አንዱ ጥበቃ ፌሮውን በመጀመሪያው ቱቦ ሰደደው፤ ባዶ ነበር። በሁለተኛውም ሰደደው፤ ባዶ። በትልቁ ቱቦ ግን ፌሮው ለስላሳ ነገር ወግቶ ቆመ።

«ምንድነው ውስጡ?»

ፕሮፌሰር ገላኔ ከጋቢናው ወርደው፣ «ሥዕል ነው» አሉ።

ሸራው ተጎትቶ ወጣ፤ በአስፋልቱም ላይ ተዘረጋ። ተሰልፎ የነበረው ሾፌርና ረዳት ሁሉ ተሰበሰበ። ወዲያው አንዱ የሹሩባዋን እናት አይቶ፣ «የጁንታ ሥዕል ነው!» ብሎ ጮኸ። ድንጋይ ተወረወረ፤ አንድ ጎረምሳም በቡትስ ጫማው የሸራውን ጫፍ ረገጠ። ፕሮፌሰሯ ምን እንዳደረጉ ራሳቸውም ኋላ አያስታውሱትም፤ ያዩ ሰዎች ግን እንደሚሉት በሸራው ዳር ተንበርክከው የጎረምሳውን ባት ያዙት።

«እግርህን አንሣ! አንተ እናት የለህም? የለቅሶ ምንጣፍ ይረገጣል?»

ጎረምሳው አፍሮ ወይም ደንግጦ ወደኋላ አለ። የጥበቃው አለቃ ሕዝቡን ገፋ ገፋ አድርጎ ቀረበ።

«ማነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌሎቹስ ቱቦዎች?»

«የተማሪዎቼ ሥራ አለባቸው። ይፈትሹት።»

አንዱ ሲወጣ በባቱ ሐይቅ ላይ የተንሳፈፉ ይብራዎችና ጀልባ የሚገፋ ዓሣ አጥማጅ ታየ፤ ከኋላ የተሰለፉት መኪናዎች ጥሩምባ እያየለ ነበርና፣ አለቃው ለኑሬ «እለፍ!» አለው። አይሱዙው በዚያ ሁሉ ሥዕል ተሞልቶ ድልድዩን ሲሻገር፣ ፕሮፌሰሯ ከድንኳኑ ሸራ ጋር በፒክአፕ ተጭነው ወደ አዳማ ተመለሱ።

የመረመራቸው ኢንስፔክተር ወዬሳ የሚባል ትሑት መኮንን ነበር። በአክብሮት አስቀመጣቸው፤ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ውኃ አስመጣላቸው። ትሕትናው ከቁጣ ይልቅ አስፈራቸው።

«ፕሮፌሰር፣ በከተማችን ይህን የመሰለ ሥዕል የሚሥል አንድ ሰው በጥቆማ ተነግሮናል። እርሱም በእጃችን ነው። የእርሱ አይደለም ይሉኛል?»

«ስሜ ተጽፎበታል።»

«ስም ማንም ይጽፋል» አለና ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋላቸው። «የዚህችን ባለ ሹሩባ ፊት እዚህ ይሣሉልኝ፤ ሸራውን ሳያዩ።»

እስክሪብቶውን ሲያነሡ እጃቸው እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። ያን ፊት ከመጀመሪያው ንድፉ ጀምሮ ያውቁታል፤ ምሕረተአብ እያመጣ ሲያሳያቸው አገጩን ዝቅ አድርገው ነበር ያረሙለት። መስመሩ እየተወላገደ፣ እየተቆረጠ ወጣ፤ ግን ሴትዮዋ መጣች፤ ያዘነበለ አንገቷ፣ የማያለቅስ ዐይኗ።

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ፈርቼ ነው።»

ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው። «እኔ ሥዕል አላውቅም» አለ ቆይቶ። «ውሸት ግን ሥራዬ ነው። የሚዋሽ ሰው ለጥቅሙ ይዋሻል፤ ራሱን ለማሰር የዋሸ ገና አልገጠመኝም። ይሁን፤ የእርስዎ ነው።» እንዲህ ብሎም በመዝገቡ ላይ የሠዓሊውን ስም «ገላኔ ደገፋ» ብሎ አሰፈረ።

ከሳምንት በላይ ታስረው፣ ከሁለተኛ እንዲህ ያለ ሥዕል እንዳይሥሉ ተመክረው ተፈቱ። ሸራው ግን በኤግዚቢትነት ቀረ። ሲወጡ መጀመሪያ የሄዱት ወደ የሺዓለም ቤት ነበር። «ስሙ አልተጠራም» አሏት። የሺዓለም አንገቷን ነቀነቀች፤ ግን እንዲገቡ አልጋበዘቻቸውም። ባሏ እንደታሰረ ነበርና።

በታኅሣሥ ወደ ሸዋ የወረደው ጦር ወደ ሰሜን ተመለሰ፤ በየካቲት ዐዋጁ ተነሣ፤ ምሕረተአብም ልጁ ከተወለደች በኋላ፣ ከስቶ፣ ጥርሱ ወልቆ፣ ቤቱ ገባ። ስለ ሥዕሉ የጠየቀው ብዙ ቆይቶ ነው። በባቱ የነበሩት ሥዕሎች ደኅና ነበሩ፤ ጫምሳ ከሽንኩርቱ ማከማቻ ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ከአይጥ ጠብቋቸዋል። ትልቁ ሸራ ግን የጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል ሲጸዳ ከአሮጌ ድንኳንና ምንጣፍ ጋር ተቆጥሮ መሸጡ ተሰማ፤ የገዛውም የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ነው ተባለ። ፕሮፌሰሯና ምሕረተአብ ወደዚያ ወረዱ። ማናሴ የተባለው ነጋዴ ያለምንም ሐፍረት ወደ ግቢው አስገባቸው፤ «አንድ ድንኳን» በበቆሎ ጆንያ ክምር ላይ ተዘርግቶ፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል።

«ጠንካራ ሸራ ነው፤ ጠብታ አያስገባም» አለ ማናሴ። «መጀመሪያ ሥዕሉን ወደ ላይ አድርጌው ነበር። ለገበያ የሚመጡት ሴቶች ሁሉ እየቆሙ ያለቅሱበታል፤ ሥራ አስፈቱኝ! ስለዚህ ገለበጥኩት።»

አዲስ ላስቲክ ገዝተው ለወጡት። ሲገለብጡት ቀለሙ በጆንያው ተፍቆ፣ ከእናቶቹ እኩሌቶቹ ጠፍተዋል፤ የወታደሩ ጫማ የነበረበት ቦታ የጆንያ ክር ብቻ ታትሞበታል።

አዳማ ከተመለሱ በኋላ ፕሮፌሰር ገላኔ በጥጥና በማሟሟቻ የራሳቸውን ስም አነሡ። ከሥሩ የምሕረተአብ ስም ሊወጣ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የቀድሞው ቀለም በነጋዴው ግቢ ሙቀት ተላቆ ከቫርኒሹ ጋር አብሮ ተነሣ። ባዶ ሸራ ታየ። «እንደገና ፈርምበት» አሉት።

ምሕረተአብ ራሱን ነቀነቀ። «ያን የሳለው ሳይታሰር የነበረው ሰው ነው። እኔ በእርሱ ስም አልፈርምም።»

በጥቅምት ፳፻፲፭ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በጥር ወር በአዳማ አንድ አዳራሽ የዳኑት ሥዕሎች ለሕዝብ ታዩ፤ ባለሥልጣናት ንግግር አደረጉ፤ ለፕሮፌሰር ገላኔ ካባ ተደረበላቸው፤ ጭብጨባውም ረጅም ነበር። ፕሮፌሰሯ ካባውን እንደደረቡ ወደ በረንዳው ወጡ። የሺዓለም ልጇን አቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«አትገቢም?»

«አልገባም ፕሮፌሰር፤ አይቀየሙኝ።» «እውነቱን ልንገርዎ። ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ፣ ያቃጥሉልኝ ነው የምልዎ።»

«አውቃለሁ» አሉ ፕሮፌሰር ገላኔ። «እኔም ዛሬ እንቢ እልሻለሁ። ማናችን እንደተሳሳትን ግን አላውቅም።»

የሺዓለም ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻቸው፤ ካባቸውን ሰብስበው ከጎኗ ተቀመጡ፤ አዳራሹ ውስጥም ሌላ ንግግር ተጀመረ።

ስለዚያ ሥዕል የተጻፈው ጥቂት ነው። በአንድ ጣቢያ መዝገብ የሥዕሉ ሠዓሊ ገላኔ ደገፋ ይባላሉ፤ በዐውደ ርእዩ ግድግዳ ሠዓሊው ያልተጠቀሰ ነው፤ በጋዜጣውም አንዲት ምሁር ቅርስ አዳኑ ተብሎ ተነግሯል። ሦስቱም የተነገራቸውን ጻፉ፤ ሦስቱም እውነቱን አልነገሩም። በእስር ቤት በር ቆማ የስንቅ ሳህን ስትቀበልና ስትመልስ ስለከረመችው፣ ሥዕሉም እንዲቃጠል ስለለመነችው ሴት የተጻፈ አንድ መስመር የለም፤ ታሪክ የዳነውን ዕቃ ይዘረዝራል እንጂ፣ ዕቃው እስኪድን ድረስ ሰው በምን ልብ እንዳደረ መጠየቅ እምብዛም ልማዱ አይደለምና።