ቲማቲም ጠባቂው ዲስክ

ልብስ ሰፊዋ ዲስኮቿን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሱቁ የገባች ዕለት፣ ጠጋኙ ወጣት አንድ የተበላሸ የዲስክ ማጫወቻ ፈትቶ ብሎኖቹን በስኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድሮ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። ክንዱ ማስቀመጫውን ገፋው፤ ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«የኔ ጥፋት ነው?» አለች፣ እየሳቀች ለመልቀም ጎንበስ ብላ።

«አይ፣ እነሱ እንዲሁ ናቸው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

የሰፈሩ ሰው «ዝምተኛው» ይለዋል። በልቡ ግን ዝም ብሎ አያውቅም፤ እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። አፉ ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚጠፋበት።

ልጅቷ ጨርቁን ፈታችው። የቤተሰቧ ቪዲዮ ያለባቸው አሮጌ ዲስኮች ናቸው። ያመጣት የሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ «አሮጌውን ጣሉት፤ ሁሉም በአንድ ዲስክ» ይላል። የሱቁ ባለቤት አጎቱ፣ ብሉ ሬይ የሚባለውን የአዲሱን ዲስክ መቅጃ ከገዛ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

«ሁሉንም በአንዱ ላይ አድርግልኝ» አለች። «እማዬ ታማ ድምፅዋ ከሄደ ወዲህ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ግን ስትስቅ፣ ስትጣራ፣ አባዬን ስትቆጣ ሁሉ ይሰማል። ድምፅዋ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።»

«ማጫወቻችሁ ምን ዓይነት ነው?»

«አሮጌ። በጡጫ የሚነሳ።»

ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነበር። አዲሱ ዲስክ ብዙ ይይዛል፤ ግን አሮጌ ማጫወቻ አያነበውም። በአሮጌ ካሜራ የተቀረጸውንም ምስል ከነበረው አያጠራውም። ከአፉ የወጣው ግን፣

«ይሄ ለእናንተ ቤት አይሆንም» የሚል ነበር።

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ታጠፈ።

«ለእኛ ቤት» አለች። «ደግ። እንግዲህ የሚሆነው ቤት ፈልግለት።» ዲስኮቿን ጠቅልላ ወጣች።

አጎቱ ከጓዳ ብቅ አለ። «ደንበኛ ማባረር የት ተማርክ አንተ?»

እሱ ወለሉ ላይ የቀረ ብሎን የሚፈልግ መሰለ፤ ጎንብሶ ፊቱን ደበቀ።

ከዚያ ወዲያ ሊያስረዳት እያሰበ በስፌት ቤቷ በር ያልፍ ጀመር። እስከ መታጠፊያው ድረስ ንግግሩ አንድም አይጎድለው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። እሷም በመስኮቱ ታየውና የስፌት መኪናዋን ትረግጠዋለች፤ መኪናው እሱን የሚራገም እስኪመስል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። እጇ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሌላ ቦታ አስቀዳሁት» አለች። «ማጫወቻችን አልቀበልም አለ። ጎረቤት ወስደን በአዲስ ማጫወቻ አየነው። ሌላው ሁሉ አለ። የእማዬ ድምፅ ያለበት ግን የለም፤ ሲቀዱ ዘለውታል።»

«አሮጌዎቹስ?»

ወደ ዝናቡ ዞር አለች። «ጣሉት አይደል ያላችሁት? አዲሱን ገና ሳላየው አሮጌዎቹን ለአትክልተኛው ለጋሼ ሰጠሁ። ወፍ እንዲያባርርላቸው።»

«እንሂድ» አለ ጃንጥላውን አንስቶ። በዚህ ጊዜ ቃሉ አልጠፋበትም።

በጋሼ ጓሮ ዲስኮቹ ከቲማቲሙ በላይ በገመድ ተንጠልጥለው ይሽከረከራሉ። ጋሼ ከጣሪያቸው ክፈፍ ሥር ተጠልለው ያዩዋቸዋል።

«ውሰዱልኝ» አሉ። «ወፎቹ እንደሆኑ ፊታቸውን እያዩባቸው ነው የሚበሉት።»

እሷ ቋጠሮውን ትፈታለች፤ እሱ በሸሚዙ ጫፍ ያብሳል። ጃንጥላው መሬት ተቀምጦ ሁለቱም እየረጠቡ ነው።

«ያን ቀን ለእናንተ ቤት ያልኩት» አለ ዲስኩን እያየ፣ «ማጫወቻችሁን ነው። እናንተን አይደለም።»

«ታዲያ እንደዚያ አትልም ነበር?»

«ልል ነበር። ብሎኖቹ ተበተኑ።»

ልትስቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች።

ቤት ሲደርሱ እናትየዋ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። በዲስኮቹ ላይ የተጻፈውን ዝናብ ስላጠበው በየተራ መሞከር ነበረባቸው። አንዱ የጎረቤት ልጅ ልደት ሆነ። አንዱ ጭራሽ እምቢ አለ። የመጨረሻውን እንደገና አብሶ አስገባ። ማጫወቻው አጉረመረመ፤ ልጅቷ በጡጫ አለችው። ምስሉ ተንቀጠቀጠና ረጋ።

«አንቺ ዝንጀሮ፣ ከዛፉ ውረጂ ብያለሁ» አለ ቤቱን የሞላ ድምፅ። «አንተስ ሰውዬ፣ ካሜራውን ጣለውና ልጅህን አውርዳት።»

ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ሁሉ ወጣ። እናትየዋ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ልጃቸውን ያያሉ። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዛሬውኑ እገለብጠዋለሁ» አለ። «አንዱን በአሮጌው ዓይነት፣ ለማየት። አንዱን በአዲሱ፣ ለማስቀመጥ።»

«አዲሱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ይጠቅማል። አሮጌውን ካልጣሉለት።»

እናትየዋ ልጃቸውን ጠቅሰው በጆሮዋ አንሾካሾኩ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ምን አሉ?»

«ምንም።»

ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበርና የሚቀጥለው የእናትየዋ ሹክሹክታ ለእሱም ተሰማ። «ይሄ ልጅ የሰው ነገር አይጥልም አልኳት። አንቺም እንዳትጥይው አልኳት።»

አልጣለችውም። የተጋቡ ዕለት ቪዲዮ ቀራጩ በየትኛው ዲስክ ላድርግላችሁ ቢላቸው፣ «በሁለቱም» አሉ እኩል። አጎቱም እያጉረመረመ ማስታወቂያውን ቀይሯል፤ አሁን «አሮጌውን አምጡት» ነው የሚለው።

ያ ጎዶሎ ሆኖ የተቀዳው አዲስ ዲስክ ዛሬ ከቲማቲሙ በላይ ይሽከረከራል። ለዚህ ሥራስ ከአሮጌው ይሻላል ይላሉ ጋሼ።