በር ላይ የቀሩት አበልጅ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ካምፓላ ለምዳው የማታውቀው ጸጥታ ወርዶባት ነበር። ቦዳ የሚባሉት ሞተር ብስክሌቶች ከየማዕዘኑ ጠፍተዋል፤ ታክሲዎቹ በየሰፈሩ ቆመዋል፤ የግል መኪና መንዳት ከታገደ ዐሥር ቀን ሆኖታል፤ ከሙቱንጎ ኮረብታ ቁልቁል ሲታይ ሐይቁ ብቻ እንደ ወትሮው ያበራል። አዋጁ የወጣው ወረርሽኙን ለመግታት ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ በመኪና ወደ ሐኪም ለመሄድ የመንግሥት ተወካዩን የፈቃድ ወረቀት መያዝ ነበረባት፤ ምጥ ግን ወረቀት አይጠብቅም።

በዚያ ዕለት ምጥ የጀመራት ወይዘሮ ሔሊና የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበረች። በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጥሩ ሥራ፣ በሙቱንጎ ጥሩ ቤት፣ ጥሩ ባልም ነበራት፤ ባሏ አቶ ወንድይፍራው ግን በመጋቢት መጀመሪያ ለሥራ አዲስ አበባ እንደ ሄደ የኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ እዚያው ቀርቷል። ለመሥሪያ ቤቷ አለቆች ደወለች፤ አዘኑላት። አብረዋት ጽዋ ለሚጠጡት ማኅበርተኞቿ ደወለች፤ እንጸልይልሻለን አሏት። በመጨረሻ ሌላ ሰው ስታጣ፣ በየወሩ ሽሮና በርበሬ ለሚያመጡላት ለእትዬ ለተብርሃን ደወለች።

እትዬ ለተብርሃን ከአዲግራት የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በስደተኛ ወረቀት የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ መሀል ከተማ፣ ኪሰንዪ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል በርበሬ እየቀጠቀጡ ይሸጡ ነበር። ስልኩን ዘግተው ተነሡ፤ ከኪሰንዪ እስከ ሙቱንጎ በእግራቸው መጡ። ፖሊስ ሦስት ጊዜ አስቆማቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ በሁለት እጃቸው ትልቅ ሆድ በአየር ላይ እየሣሉ፣ ከአገሬው ቋንቋ የሚያውቋትን አንዲት ቃል፣ “ኦምዋና! ኦምዋና!” እያሉ ጮኹ፤ ልጅ ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ፖሊስ ስቆ መንገድ ለቀቀላቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተጉዘው ሲደርሱ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር።

“ብቻሽን ነሽ እንዴ ጓለይ?” አሉ በሩ ላይ ቆመው፣ በትግርኛቸው ‘ልጄ’ ሲሏት።

“ብቻዬን ነኝ እትዬ፤ ማንም የለኝም።”

“እኔስ ማን ልሁን?” ብለው ክንዷን ያዙ፤ እያረፉ፣ እየተደገፉ ከኮረብታው ሥር ወዳለው ትንሽ ክሊኒክ ወረዱ።

ልጅቷ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ተወለደች። እትዬ ለተብርሃን እልልታቸውን ለቀቁት። ለሴት ልጅ ሦስት ነው የሚባለው፤ እርሳቸው ግን ሦስቱን ጨርሰው ቀጠሉ። ሔሊና በድካም መካከል ፈገግ ብላ፣ “በዛ እኮ እትዬ” ብትላቸው፣ “ያልመጡት ሰዎች ድርሻ ነው” አሉ። አዋላጆቹም ተከተሏቸው፤ በዚያ አገርም ሴቶች እልል ይላሉና።

እትዬ ለተብርሃን ለአንድ ሳምንት መጥተው አምስት ወር ተቀመጡ። የአራስ ቤት ሥራ ታላቅ ሥራ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ወንዶች ስለሆኑ ይመስለኛል፣ የሚጽፈው የለም። ልጅቷን ያጥባሉ፤ ያሻሉ፤ ያስገሷታል፤ አራሷን ገንፎ ያበሏታል፤ ቅቤ ቢጠፋ ከጎረቤት የዑጋንዳ ቅቤ ለምነው አንጥረው ያመጣሉ፤ ሔሊና ጡቷ ቆስሎ ስታለቅስ “አይዞሽ፣ ያልፋል፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ” ይሏታል። ውሸታቸውን ነበር፤ ወልደው አያውቁም። ሕፃኗ ሮሃ ተባለች። ሮሃ በእናቷ እቅፍ ትጠባለች እንጂ አትተኛም ነበር፤ የምትተኛው በእትዬ ለተብርሃን ጀርባ ላይ ነው፤ ሔሊና በዚህ አንዳንዴ ትቀናለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ታመሰግናለች።

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ሮሃ ሰማንያ ቀን ሞላት። በሥርዓቱ የክርስትናዋ ቀን ነበር፤ ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአዋጅ ተዘግተዋል። ሁለቱ ሴቶች ሕፃኗን ይዘው ወደ ኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ የተቆለፈውን በር ተሳለሙ፤ ሔሊናም እዚያው ቆማ፣ “እትዬ፣ በሩ የተከፈተ ቀን ክርስትናዋን የሚያነሡልኝ እርስዎ ነዎት” አለች።

“እኔ? ሽሮ ሻጯ?”

“እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው አላስብም።”

እትዬ ለተብርሃን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። “እንግዲህ አበልጅ ሆንን” አሉ፤ “አበልጅ ማለት ደግሞ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል።” ይህን የሰማው ከሔሊናና ከዘበኛው በቀር ማንም የለም፤ ዘበኛውም አማርኛ አያውቅም።

መስከረም ጠባ፤ እትዬ ለተብርሃን ወደ ኪሰንዪ ሥራቸው ተመለሱ፤ እሑድ እሑድ ግን መምጣት አልተዉም። አውሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት አቶ ወንድይፍራው ገባ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከሰባ ሰው እንዳይበልጥ ተብሎ ተከፈተ። ሳይጠመቁ የከረሙት ሕፃናት ብዙ ስለነበሩ ለሮሃ የደረሳት ተራ የኅዳር ሚካኤል ሆነ። በጥቅምት ሃያ አምስት ግን በአገር ቤት፣ በሰሜን፣ ጦርነት ተጀመረ።

ጦርነቱ ካምፓላ ድረስ ጥይት አልተኮሰም፤ ነገር ግን ከአንድ ማዕድ ይበሉ የነበሩ ሰዎች በስም፣ በቋንቋ፣ በትውልድ ቀዬ መተያየት ጀመሩ፤ ትናንት የተሳሳመው ዛሬ በሩቁ አንገቱን ይነቀንቃል። የወንድይፍራው አለቃ ሚስት ወይዘሮ አረጋሽ አንድ ቀን ሕፃኗን ለማየት መጥተው፣ ሻይ እየጠጡ፣ እንደ ዋዛ “ለመሆኑ ክርስትናውን ማን ያነሣል? መቼም በዚህ ጊዜ ሰው መምረጥ ያሻል” አሉ።

ሔሊና ጽዋውን አስቀመጠች። “ገና አልወሰንንም” አለች።

በዚህ ትረካ ውስጥ ሔሊናን የከለከላት ሰው የለም። ባሏ አልከለከላትም፤ “አንቺ የተመቸሽን አድርጊ፤ እኔ ሴትዮዋን አልጠላም፤ ጊዜው ነው እንጂ” ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። ወይዘሮ አረጋሽም አልከለከሏትም። ሔሊና ማንም ያልጠየቃትን ፈርታ፣ ማንም ያልፈረደባትን ፍርድ ራሷ ፈረደች፤ ይሉኝታ እንዲህ ያለ ዳኛ ነው። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አረጋሽን፣ “ክርስትናዋን ቢያነሡልን ክብራችን ነው” አለቻቸው። ከዚያም ኅዳር ስምንት ቀን፣ ፊት ለፊት መናገሩ ቢያቅታት፣ ወደ ኪሰንዪ ደወለች።

“እትዬ፣ የሮሃ ክርስትና ተላለፈ። ሰው ስለበዛ ቄሱ ለጥር ይሁን ብለዋል።”

“እግዚአብሔር የወደደው ይሁን” አሉ እትዬ ለተብርሃን። “እኔም ሰሞኑን ልቤ እዚህ የለም፤ ስልክ ተዘግቶ የእኅቴን ድምፅ ካልሰማሁ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። እስከ ጥር እሷም ትገኝ ይሆናል፤ ያኔ ደስ ብሎኝ አነሣታለሁ። ልጅቷን ሳሚልኝ።”

ሔሊና ስልኩን ዘግታ ልጅቷን አልሳመችም።

አንድ ነገር ግን ዘነጋች፤ ዋሽቶ ለመደበቅ የኅዳር ሚካኤልን የመሰለ የማይመች ቀን የለም። በኅዳር ዐሥራ ሁለት የተጨነቀ ክርስቲያን ሁሉ ወደ ደጁ ይሄዳል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከእትዬ ለተብርሃን ይልቅ የተጨነቀ አልነበረም። ሰባዎቹ ገብተው በሩ ሲዘጋ እርሳቸው ከተረፉት ጋር ውጭ ቀሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በግንቡ ሥር ቆሙ፤ የውስጡ ሥርዓት በድምፅ ማጉያ ይሰማቸው ነበር። ዲያቆኑ የተጠማቂዎቹን ስም ጠራ፤ “ወለተ ሚካኤል፣ የወይዘሮ ሔሊናና የአቶ ወንድይፍራው ልጅ፤ ክርስትና እናት፣ ወይዘሮ አረጋሽ” አለ።

በሩ ተከፍቶ ተጠማቂዎቹ በእልልታ ሲወጡ ሔሊና መጀመሪያ ያየችው እርሳቸውን ነው። እትዬ ለተብርሃን ጠጋ ብለው የሮሃን እግር ሳሙ፤ “እንኳን ለዚህ አበቃት” አሉ፤ ዞረውም ሄዱ። ወይዘሮ አረጋሽ ሕፃኗን እንደ ታቀፉ፣ “ማን ናት?” ብለው ጠየቁ።

“ሽሮ የምታመጣልን ሴት ናት” አለች ሔሊና።

እትዬ ለተብርሃን ገና አራት እርምጃ አልራቁም ነበር፤ ለአንድ አፍታ ቆም አሉ፤ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሔሊና ያንን ቃል ለመመለስ የአንድ ዓመት ደመወዟን በሰጠች ነበር፤ ግን አልተከተለቻቸውም፤ ፎቶ አንሺው “ወደዚህ እዩ” ይል ነበርና ወደዚያ አየች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሰላም አልነበረም፤ ጠብም አልነበረም። ሮሃ ጥርስ አበቀለች፤ ማቶኬ የሚባለውን የተፈጨ ሙዝ መብላት ጀመረች፤ ዳዴ አለች፤ ሶፋውን ይዛ ቆመች። እናቷ ግን ልጅቷን ባጠበች ቁጥር ማን እንዳስተማራት ታስባለች፤ ጀርባዋ ላይ አዝላ ስታስተኛት ቋጠሮው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ታፍራለች። መስታወት ፊት ታፍራለች፤ ሽሮ ስትቀቅል ታፍራለች፤ ሽሮውን ከሌላ ሴት መግዛት ጀምራለችና በዚያም ታፍራለች። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ፣ “አባ፣ ክርስትና እናት መለወጥ ይቻላል?” ስትላቸው እንዲህ አሏት፤ “ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም፤ ክርስትና እናትም እንደ ጋቢ አትለወጥም። አንቺ የምትፈልጊው ሥርዓት አይመስለኝም፤ ሴትዮዋ ዘንድ ላለመሄድ ምክንያት ነው። ሂጂና እግራቸው ላይ ውደቂ።”

አልሄደችም። በታኅሣሥ ልጅቷ ታማብኛለች አለች፤ በጥር የዑጋንዳ ምርጫ ነው፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል አለች፤ ስልኩ ግን ይሠራ ነበር። በየካቲት ከማኅበርተኞቿ አንዷ፣ እትዬ ለተብርሃን እኅታቸው ማረፏን በገና ሰሞን እንደ ሰሙና ብቻቸውን እንደ ተቀመጡ ነገረቻት። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ይህን ያህል ዘግይቼ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ አለች።

የሄደችው ሮሃ ዓመት በሞላት ቀን፣ በሚያዝያ አንድ ነው። እንደ ንስሐ በእግሯ ልትሄድ ልጅቷን አዝላ ወጥታ ነበር፤ ገና ቡጎሎቢ ሰፈር ስትደርስ ጉልበቷ ዛለ፤ ቦዳ ያዘች። እትዬ ለተብርሃን ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጥቁር ለብሰው በርበሬ ይለቅሙ ነበር። ሔሊና እግራቸው ላይ ወደቀች።

“ተነሽ ጓለይ፤ ልጅ አዝለሻል።”

“ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ፈርቼ ነው።”

“መፍራትሽንማ ዐውቃለሁ፤ የፈራ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ‘ጊዜው አስፈርቶኛል፣ ይቅሩብኝ’ ብትይኝ እኔው ራሴ እተውልሽ ነበር፤ መርቄ እተውልሽ ነበር።” የለቀሙትን በርበሬ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። “የእኅቴ መርዶ የደረሰኝ ዕለት፣ የአንቺን ስልክ ጠብቄ ነበር። በዚህ አገር ሌላ ሰው አለኝ አላልኩም።”

ሔሊና አለቀሰች።

“እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔም ፈትቼሻለሁ” አሉ እትዬ ለተብርሃን። “እንደ ድሮው ግን መምጣት አልችልም፤ አቅሙ የለኝም። በይ፣ ልጅቷን አሳዪኝ።”

ሔሊና አዝላት የነበረችውን አውርዳ አቀረበችላቸው። እትዬ ለተብርሃን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ዘረጉ። ሮሃ አየቻቸው፤ ፊቷን በእናቷ ደረት ደበቀችና የማያውቀውን ሰው እንዳየ ልጅ ጮኸች። እርሳቸውም እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። “ተያት፤ አታስገድጃት፤ ምን ታውቃለች” አሉ።

የዚያን ዘመን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ ገናም ይጽፉታል፤ አዋጆቹ ከነቀናቸው ተሰንደዋል፤ ጦርነቱ በማን እንደ ተጀመረ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የቤተ ክርስቲያኑም መዝገብ፣ ወለተ ሚካኤልን ክርስትና ያነሡት ወይዘሮ አረጋሽ መሆናቸውን በመልካም የእጅ ጽሕፈት ይናገራል፤ ስሕተት የለበትም። እትዬ ለተብርሃን በኋላ ከካምፓላ ወጥተው በሌላ አገር ተጠልለዋል ይባላል፤ ስለ እነዚያ አምስት ወራት ለሰው አንሥተው አያውቁም። ሮሃ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስትወለድ አባቷ እንዳልነበረ ሰምታ አንድ ቀን፣ “እማዬ፣ ታዲያ ያኔ ማን ነበር ከእኛ ጋር?” ብላ ጠየቀች። ሔሊና የልጅቷን ፀጉር ማበጠሯን ቀጠለች፤ “ብቻችንን ነበርን” አለቻት።