ከኮርኒሱ በታች የቆመው ሰው

ተቋራጩ ሞቶ የተገኘው በምግብ አዳራሹ ወለል ላይ፣ ግማሽ ኮርኒስ ከነወራጁ ተጭኖት ነው። ሜትሩ ከእጁ አልወጣም። መርማሪዋ ስትደርስ በማዕድን ኩባንያው አሮጌ እንግዳ ማረፊያ የነበሩት ሦስት ሰዎች ግቢው መሃል ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ወደ ግድግዳው መቅረብ አልደፈሩም።

ለሳኙ ጓሮ ሲሚንቶ ሲያቦካ እንደነበር ተናገረ። ሽማግሌው የቀድሞ ቆፋሪ፣ የዛሬ የቤቱ ጠባቂ ነው። ፈንጂ ጆሮውን ስለደፈነው ጥያቄውን ሁሉ ልጁ ጆሮው ሥር ገብታ ትነግረዋለች። እሷ አርክቴክት ናት፤ ቤቱን ለቆፋሪዎች ክሊኒክ ልታደርገው ነድፋ ነበር። ተቋራጩ ግን ሰኞ ሊያፈርሰው፣ አባቷንም ከሚኖርበት ክፍል ሊያስወጣው ፈቃድ አውጥቷል።

«የኮርኒሱን ድጋፍ በገመድ የሳበ ሰው አለ» አለ ለሳኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ የቆፋሪ ሥራ ነው።»

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። «አባቴን እንዳይወስዱብኝ» አለች። ፍርሃቷ የምር ነበር።

መርማሪዋ አዳራሹ ውስጥ በሩ መቃን ላይ ገመድ የፋቀውን፣ ካልወደቀው ኮርኒስ ላይ ደግሞ ትናንሽ ክብ ጠባሳዎችን አየች። ከዚያ ሦስቱን ይዛ መኝታ ክፍሎቹን ዞረች። ሽማግሌው ዝም ብሎ ይገባል። ልጁ ግን በየበሩ ቆም ብላ፣ ጫፉ ብረት በሆነው ዘንጓ ኮርኒሱን ነካ ነካ አድርጋ፣ አዳምጣ ነው የምትገባው። ማድረጓንም ልብ አላለችም።

ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ የትኛው ቦታ እንደሚወድቅ ማወቅ ነበረበት» አለች። «ቆፋሪ ዋሻ ሲገባ እንደሚያደርገው ኮርኒሱን እያንኳኳ ለየ። የጸናው ይጮሃል፣ የላላው ድምፁ ይደፈናል። ከዚያ ተቋራጩን የላላው ሥር ቆሞ እንዲለካ አደረገውና ገመዱን ሳበ።»

ሽማግሌው አንድም ቃል አልሰማም፤ ዓይን ሁሉ ወደ ልጁ ሲዞር ግን አየ። «እኔ ነኝ የሳብኩት» አለ።

መርማሪዋ ወደ ልጅቱ ዞረች። «ለመሳብማ አባትሽ ጉልበት አላቸው። ድምፁን ግን የሚለይ ጆሮ የላቸውም። ጠባሳውም የዘንግሽ ጫፍ ልክ ነው።»

«በዚህ ዕድሜው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅብኝ ፈርቼ ነው» አለች ልጅቱ።

«ምን አለች? አመነችኝ?» ሲል አባቷ ጠየቃት።

ጆሮው ሥር ገባች። «አዎ አባዬ፣ አምናሃለች።»

ሽማግሌው እፎይ ብሎ ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።